የረዳት አብራሪው ወንበር

ለንደን የምትኖረው እህቴ ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ልትመጣ ስትሰናዳ ደውላ «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ጫማ ይባላል፤ ስልክ ይባላል፤ ሰውየው ይሉኝታ ከያዘው ደግሞ «አንቺ ብቻ በሰላም ነይ» ይልና ስልኩን ሊዘጋ ሲል የጫማ ቁጥሩን ጣል ያደርጋል። እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሮ፣ ሽበቴ ለሽምግልና የሚያስጠራኝ ሰው ሆኜ ሳለ «አውሮፕላን» አልኳት።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ጥቂት ዝም አለች። «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ግን?»

ደህና ነበርኩ። የፈለግሁት ዳግላስ ዲሲ-3 የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ 72 ጊዜ አንሶ በፕላስቲክ የተሠራውን፣ ቁርጥራጩን ገዢው ራሱ ገጣጥሞና ቀብቶ የሚያቆመውን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ የገባበት የመጀመሪያ በረራው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም፣ በሲ-47 ነበር። እኔም በልጅነቴ ጅማ አየር ማረፊያ አጥር ሥር ቆሜ፣ ጅራቱን መሬት አስነክቶ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ሲቆም አይቼዋለሁ። የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ሲቆሙ ፊት ለፊታቸውን ነው የሚያዩት። እሱ ግን መሬት ላይ ቆሞም ዓይኑ ሰማይ ላይ ነበር። መንገደኛው በኋላ በር ገብቶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ዳገት ይወጣል።

እህቴ የታዘዘችውን ሁሉ ገዛች። አውሮፕላኑ፣ ቀለሙ፣ ማጣበቂያው ተሟልቶ ሻንጣ ገባ። ከዚያ ለንደን አየር ማረፊያ ላይ ቀለሙና ማጣበቂያው እሳት የሚያነሣ ነገር ነው፣ በአውሮፕላን አይጫንም ተባለና ቀረ። አውሮፕላኑ በአውሮፕላን መጣ፤ ቀለሙ መሳፈር ተከለከለ። የሚቀጥለው አንድ ዓመት መከራዬ በሙሉ የሚመዘዘው ከዚህች ክልከላ ነው። በክልከላው ግን ቅር አላለኝም፤ እህቴን ከእሳት ማንሻ ጋር አሳፍሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ደመና ሰንጥቆ የሚወጣ፣ ጩኸቱ የሚሰማ የሚመስል አውሮፕላን ነው። ሲከፈት ያለው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። ፖሊስታይሪን የሚሉትን ፕላስቲክ አቅልጠው በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ይገፉታል፤ ሲቀዘቅዝ ከመቶ በላይ ቁርጥራጭ ከቀጫጭን ዘንጎች ላይ እንደ ቡና ፍሬ ተንጠልጥሎ ይወጣል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አየችና «ይሄ እኮ ተሰባብሯል፤ ትመልሰው እንጂ» አለች።

እንዲሰባበር ተደርጎ የተሸጠ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው። ነገሩን ለዓለም ያስለመዱት ሰዎችም ሲጀምሩ አላሰቡትም። በእንግሊዝ አገር ስሙ ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚነሣው ኤርፊክስ በ1939 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኮቭ በሚባል ከሃንጋሪ በተሰደደ ሰው የተቋቋመ ሲሆን፣ ሥራው በአየር የሚነፋ የጎማ መጫወቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፊቱን ወደ ማበጠሪያ አዞረ። በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ሻጮች ለደንበኛ የሚያሳዩት ትንሽ ትራክተር እንዲሠራ ታዘዘ፤ ገጣጥሞ ማቅረቡ ወጪ ሲያበዛ ጊዜ ቁርጥራጩን እንዳለ ሸጦ «አንተው ገጣጥመው» ማለት መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ተከተለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው። ሠራተኛ ተከፍሎት የሚሠራውን ሥራ ገዢው ከፍሎ እንዲሠራው ያደረገ ነጋዴ በየትኛውም አገር ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም።

72 የምትለዋ ቁጥር የመጣችው ከእንግሊዞቹ ልኬት ነው፤ በዚህ መጠን ስድስት ጫማ አንድ ኢንች ይሆናል። የዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ በሳጥኔ ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው፤ ለ72 ሲካፈል 24 ሚሊ ሜትር ያህል መጣሁ። የክብሪት እንጨት ይበልጠኛል። አንዴ ማካፈል የለመደ ሰው አያቆምም፤ ደሞዜንም ለ72 ባካፍለው ወር በገባ በሃያኛው ቀን ኪሴ ውስጥ ከማገኘው ጋር ልክ ገጠመ። ለካ በዚህ ልኬት ስኖር ቆይቻለሁ።

ሥራው የሚጀምረው በእጥበት ነው። ፕላስቲኩ ከብረት ቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ይኖርበታልና በሳሙና ካልታጠበ ቀለም አይይዝም። ይህን ያደረግሁት ሳህን ማጠቢያው ላይ፣ ውኃ በሚመጣበት ብቸኛ ቀን ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማጣበቂያው ለንደን ቀርቷል ብያለሁ። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ማጣበቂያ በእውነቱ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አቅልጦ አንዱን ከሌላው የሚያዋህድ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ሁለት የነበረው አንድ አካል ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ብየዳ የሚሉት ነው። እሱ ስለሌለ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁ። ሱፐር ግሉ መጀመሪያ የሚያጣብቀው ጣትን ከጣት ነው፤ ቀጥሎ ጣትን ከአውሮፕላን። ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ደግሞ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል። የአብራሪዎቹን የፊት መስታወት በአንድ ሌሊት የዓይን ሞራ ጋረደው። ሁለት ምሽት በጥርስ ሳሙና ሳሸው ከረምኩ፤ ጠራ፤ የቤቱ የጥርስ ሳሙና ግን አለቀ። ከዚያ በኋላ መስታወቱን በነጭ ኮላ፣ ቀሪውን በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መሥራት ጀመርኩ። ማስለቀቂያው አሴቶን ስላለው ፕላስቲክ ያቀልጣል። ባለቤቴ ጠርሙሷ ያለ ምክንያት ሲጎድል አይታ በመጀመሪያ የጠረጠረችው ነገር ከአውሮፕላን እጅግ የከፋ ነበርና እውነቱን ስነግራት እፎይ ያለችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። አካሉ ከተዘጋ በኋላ እጅ ስለማይገባ ሁሉም ነገር የሚጀመረው ከአብራሪዎቹ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር አለ፤ ግራው የዋናው አብራሪ፣ ቀኙ የረዳቱ። አንዱ ወንበር ቁመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የተሠሩ አውሮፕላኖች ውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ አልሙኒየሙ እንዳይበላ የሚቀባው ዚንክ ክሮሜት የሚሰጠው ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የልጆች የሥዕል ቀለም ገዝቼ፣ አረንጓዴውን ከቢጫው እየቀላቀልኩ አንድ ሳምንት ደክሜ ልኩን አገኘሁት። ወንበሮቹን ቀባሁ። መቀመጫ ቀበቶ የቆረጥኩላቸው ከሲጋራ ፓኮ ወርቀ ዘቦ ነው። ግራውን ተከልኩ። ቀኙን በወረንጦ አንሥቼ ወደ ቦታው ሳደርሰው ወረንጦው ተንሸራተተና ወንበሩ እንደ ሽምብራ ቆሎ ተፈናጥሮ ሄደ።

በማንኛውም ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይገኝ ነበር። ቀኑ ግን የገና ዕለት ነበር፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። አንድ ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ያገኘሁት አረንጓዴ ልክ የቄጤማ አረንጓዴ ነበር። የልፋቴን ጥራት ያየሁት ያኔ ነው። ባለቤቴ፣ ልጆቹ፣ ለበዓል የመጣው ዘመድ ሁሉ የስልክ መብራት አብርቶ በአራት እግሩ ቄጤማ ውስጥ ገባ፤ ዶሮ ወጡ ቀዘቀዘ። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጡ «ምን ጠፋባችሁ?» ሲሉ ከሥር አንዱ ልጅ «የረዳት አብራሪው ወንበር» አላቸው። አማቴ አማተቡና ዝም አሉ።

በነጋታው ባለቤቴ «ከካርቶን ቆርጠህ አትሠራውም?» አለች። እችል ነበር። ግን ይገኛል በሚል ተስፋ አቆየሁት፤ ዕቃ ጠፍቶበት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ከሰፈራችን ሰው ይህን ሥራ በቁም ነገር ያየልኝ ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ቦሌ ሃንጋር ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው የያዙት ዲሲ-3 ነው። ቡና ሊጠጡ ገብተው ጠረጴዛዬን ሲያዩ ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን ቀየሩ፤ ሞተሩን በሁለት ጣት አንሥተው እንደ ሐኪም አገላበጡት። ያን ዕለት ቡናው እስከ በረካ ድረስ ጠጪ አጣ።

«ይሄ ፕራት ኤንድ ዊትኒ 1830 ነው» አሉ። «አሥራ አራት ሲሊንደር። ሰባት ከፊት፣ ሰባት ከኋላ። የሻማ ገመዱ የታለ?»

«በሳጥኑ ውስጥ የለም፣ ጋሼ።»

«ሳጥኑን አልጠየቅሁህም።»

አንዱ ሲሊንደር ሁለት ሻማ አለው። ለአሥራ አራቱ 28፣ ለሁለቱ ሞተር 56 ገመድ ማለት ነው። በ1/72 አንዱ ገመድ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። እኔ የፊተኞቹን ሰባት ብቻ ልሠራ አሰብኩ፤ የኋለኞቹ በፊተኞቹ ተጋርደው በሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀሩ ማንም አያያቸውም። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። «እኛ የኋላውን ሻማ የምንቀይረው መንገደኛ ስለሚያየው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከታች ያሉት ሲሊንደሮች ዘይት እየወረደባቸው ሻማቸው ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ሌሊት በፋኖስ ሲቀይሩ ክንዳቸው እንዴት እንደሚቃጠል ነገሩኝ። 56ቱንም ለመሥራት ቃል ገባሁ።

የዚህ ዓይነት ቀጭን ገመድ የሚሠራው ከዚያው ቁርጥራጩ ከተንጠለጠለበት ትርፍ ዘንግ ነው። ዘንጉን በነበልባል አናት ላይ ያሞቁታል፤ ሲለሰልስ ከሁለት ወገን ቀስ ብለው ይስቡታል፤ እንደ ማር ክር ይሆናል። ሻማ ጭስ ስለሚበዛው ሞክሬ ተውኩት። በቤት ውስጥ ረጋ ያለ ቀጭን ነበልባል ያለው ጧፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለአምስት ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ፣ በሬን ዘግቼ፣ መብራት አጥፍቼ ጧፍ አበራሁ። ለምን መብራት አጠፋህ ቢባል፣ ክሩ በጨለማ ውስጥ በነበልባሉ ብርሃን ነው ደህና የሚታየኝ። ዘንጉ ሲበጠስ ደግሞ «አቤቱ ጌታዬ!» ማለቴ አይቀርም፤ ያውም ብዙ ጊዜ ይበጠሳል።

አማቴ እስከ ጥምቀት ሰንብተው ነበር። ሌሊት ውኃ ሊጠጡ ሲነሡ በበሬ ሥር የጧፍ ብርሃን ያያሉ፤ ጆሮ ሲሰጡ ምሕላ የመሰለ ድምፅ ይሰማሉ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ከወትሮው ወፈር ያለ ቁራሽ ይቆርሱልኝ ጀመር፤ ደብረ ብርሃን ሲመለሱም አማቻቸው ከገና ጀምሮ ሌሊት እንደሚቆም ለጎረቤት መናገራቸው ኋላ ደረሰኝ። ማስተባበል ይገባኝ ነበር። ቁራሹን ስላሰብኩ ዘገየሁ።

አካሉ ከመዘጋቱ በፊት የመንገደኛው ክፍል ቀረ። ያኔ መንገደኛው የሚቀመጠው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ መሃሉ በገመድ የታሰረ ጭነት ነው። አግዳሚውን ከዚያው ዘንግ ሠራሁ። ጭነቱ አስቸገረኝ። መፍትሔው የመጣው ከቡና ቁርስ ነው፤ አንድ የገብስ ፍሬ በ1/72 ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጆንያ ይሆናል። ያውም መሃሉ ላይ ስፌት የመሰለ ስንጥቅ አለው። ጥሬ ገብስ ነቀዝ ያፈራል ብዬ ስለሰጋሁ የተቆላውን መረጥኩ። አሥራ ስድስት ቆሎ ደርድሬ፣ ስድስቱን ብቻ አጣብቄ፣ ማጣበቂያ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ጋሼ ከቀሩት ሁለት ጆንያ በልተዋል።

«ይሄን ወዴት ነው የምትጭነው?» አሉኝ እያላመጡ።

«ጎሬ።»

«ጎሬ ቡና ይጫናል እንጂ ገብስ አይገባም» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከጎሬ ወደ አዲስ አበባ እየተመለሰ እንደሆነና ጆንያው ቡና እንደሆነ ተስማማን።

በየካቲት አካሉን ዘጋሁት። ሁለቱ ጎኖች ሲገጥሙ አግዳሚው፣ ጆንያው፣ ቀበቶው፣ አረንጓዴው ሁሉ ጠፋ። የቀረው ከሽሮ ክክ የማይበልጡ መስኮቶች ናቸው፤ በእነሱ ቢያጮልቁ የሚታየው ጨለማ ነው። ባለቤቴ «አምስት ወር የሠራኸው የታለ?» አለችኝ። «ውስጥ ነው» አልኳት። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ እንደገና ሞላሁ። ጋሼ በአጉሊ መነጽር የፊት መስታወቱን አይተው «ረዳቱ ቆሞ ነው የሚነዳው?» ብቻ አሉና ወጡ።

ከዚያ ቀለም መጣ። ዲሲ-3 ብዙ ጊዜ አካሉ እንዳለ የተወለወለ አልሙኒየም ነው። የብር ቀለም ደግሞ ገመና አይሸፍንም፤ ትንሿን ጭረት እንደ ሐሜተኛ አጉልቶ ያወጣታል። በብሩሽ ከተቀባ የብሩሹ ዱካ ይቀራል። የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙበት እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መርጫ የለኝም። ያለኝ አማራጭ ጋራዥ ነው። አውሮፕላኑን በጫማ ካርቶን ይዤ አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄድኩ።

«ምን ነበር?»

«የብር ቀለም ላስቀባ።»

«መኪናው የታለ?»

ካርቶኑን ከፈትኩ። ላሜራ ቀጥቃጩ መዶሻውን ጥሎ መጣ፤ ጎሚስታው መጣ፤ ባለ ባትሪው መጣ። ዋናው ሰውዬ ዙሪያውን ዞሮ፣ ክንፉን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ግጭት አለው?» አለ። የለውም አልኩት። «ሙሉ ነው ወይስ በር በር ብቻ?» ሙሉ ነው አልኩ። ዋጋ ሲጠራ ክንፍ ስላለው ጨመረብኝ፤ ጭራውን በነፃ አደረገልኝ። መርጫውን ሲለቀው ነፋሱ አውሮፕላኑን አንሥቶ ወሰደው። ባለ ባትሪው በአየር ላይ ባይቀልበው ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። በሕይወቱ አንድ ጊዜ በርሯል ማለት ነው፤ ሦስት ሜትር ያህል፣ በ1/72 ከ200 ሜትር ይበልጣል።

የመኪና ቀለም የሚቀጥንበት ቲነር ፖሊስታይሪን እንደሚበላ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። የጥፍር ማስለቀቂያውን ለማጣበቂያ የተጠቀምኩ ሰው እንዴት ይህን ይስታል? ቤት እስክደርስ የቀኝ ክንፉ እንደ ወተት ሰልባቦት ተጨማዷል። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ክንፉን አንድ ወር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። የተጨማደደው ለሰለሰ፤ ቀለም ግን በላዩ ልሞክር አቅም አጣሁ። ያዳነኝ ኩሽና ነው። ምግብ የሚሸፈንበትን የአልሙኒየም ፎይል በልኩ እየቆረጥኩ፣ ከሥሩ ቀጠን ያለ ነጭ ኮላ እየቀባሁ፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እያሸሁ አንድ በአንድ አለበስኩት። እውነተኛው አውሮፕላንም እንዲሁ ነው፤ ስስ የአልሙኒየም ንጣፍ በሪቬት ተያይዞ ያለቀ። ጋሼ አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ገና አሁን አውሮፕላን ሆነ» አሉ። ሪቬቶቹን በመርፌ ልወጋ ስል ግን ከለከሉኝ። ስሌቱን ስሠራ እውነታቸውን ነው፤ በ1/72 ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ በእውነተኛው ላይ 36 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ከለስላሳ ቆርኪ የምትበልጥ ሪቬት። ሪቬት መቁጠር የሚወዱ ሰዎች ይህን ስሌት ቢሠሩት ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ምልክት የሌላ አገር ጦር ነው። የእኛን ራሴ ማሳተም ነበረብኝ። እህቴ በሰው የላከችልኝን ልዩ ወረቀት ይዤ የሰርግ ካርድ የሚያትም ልጅ ዘንድ ሄድኩ። «የኢትዮጵያ አየር መንገድ» የሚለውን በአራት ሚሊ ሜትር ቁመት፣ የይሁዳ አንበሳውን በስምንት ሚሊ ሜትር አድርግልኝ አልኩት። ልጁ ልማዱ ሆኖ «ሙሽራው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ መጠን «ጵ» ነጠላ ጭረት ሆነች፤ አንበሳውም ድመት ሆኖ ወጣ። አሥር ድመት አሳትሜ የተሻለውን መረጥኩ። ምልክቱ ለብ ባለ ውኃ ሲነከር ከወረቀቱ ይላቀቅና በብሩሽ ተገፍቶ ቦታው ላይ ያርፋል። ከፎይሉ ጋር እንዲዋደድ ማለስለሻ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ እሱም ስለሌለ አቼቶ ቀባሁበት። ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። የመጀመሪያው አንበሳ ጅራቱን አቅፎ ተጠቀለለ፤ ሁለተኛው ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሦስተኛው ተቀመጠ።

እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ንጹሕ አውሮፕላን አይወዱም። «ይሄ ሥራ ፈት ነው» አሉኝ። «ዘይት የማያንጠባጥብ እንዲህ ያለ ሞተር ካየህ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው።» ጥቁር ቀለም በትንሹ አቅጥኜ ከሞተሮቹ በስተኋላ እንደ እንባ አወረድኩ። ከጭስ ማውጫው ኋላ ጥላሸት አበስኩ፤ ጥላሸቱ ከከሰል ምድጃችን ነው። ጎማው ላይ የሜዳው ቀይ አፈር ያስፈልጋል ሲሉ ከጓዳ የተሰበረ ጀበና አንገት አምጥቼ ወቀጥኩና በብሩሽ ነሰነስኩበት። ጀበናው ቀድሞ የተሰበረ መሆኑን እዚህ ላይ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ፤ ቤት ውስጥ ክርክሩ ስላልተዘጋ።

ጳጉሜን 4 ቀን አለቀ። ቡፌው ላይ፣ ከሰርጋችን ፎቶግራፍ ጎን፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ቆመ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት አማቴ ከደብረ ብርሃን ገቡ። ፋሲካን በእግር ሕመም ምክንያት እዚያው ስለዋሉ ከገና ወዲህ አልመጡም ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ጋሼ ለቡና ተቀምጠዋል። አማቴ ከሁሉ አስቀድመው አንድ እቅፍ ጧፍ ሰጡኝ። «አይለቅብህ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳቋ ግን ከጓዳ ይሰማል። ከዚያ ለዓመት በዓል ብቻ ከሣጥን የሚወጣውን ነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ አንድ አሥር ብርና አንዲት አረንጓዴ ነገር አለች።

«በገና ቄጤማውን ስጠርግ አገኘሁት። የልጅ ጥርስ መስሎኝ አነሣሁት፤ አረንጓዴ ሆነብኝ። የማን ነው?»

ቀበቶው እንኳ አልወለቀም።

የፊት መስታወቱ የተጣበቀው በነጭ ኮላ ነው፤ በለብታ ውኃ ቢርስ ይለቃል። ተነሥቼ ብሩሽ ልይዝ ስል ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ሥራ ላይ ያለ አውሮፕላን ያለ ወረቀት አይከፈትም» አሉ። የሳጥኑን ክዳን አስመጥተው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፦ «ጉድለት፦ የረዳት አብራሪ ወንበር አልተገጠመም። ውሳኔ፦ በረራ የማይከለክል፤ በሚቀጥለው ዋና ጥገና ይገጠም።» ከሥሩ ፈረሙ።

አማቴ መነጽር ሳያስፈልጋቸው ወደ ቡፌው ጠጋ ብለው አንበሳውን አዩና «ድመቷ ታምራለች» አሉ።

ወንበሩ አሁን በክብሪት ቤት ውስጥ፣ ከአውሮፕላኑ ጎን ተቀምጧል። ጋሼ ቀን የሚሞላበትን መስመር ባዶ ትተውታል።